የተለያዩ ዝርያዎች አብረው የሚኖሩበት ትልቅ ፓሉዳሪየም ስለማቀድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፓሉዳሪየም ምንድን ነው?

ስያሜው ረግረግ የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ በአንድ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ውሃንም የብስንም አጣምሮ የያዘ መኖሪያ ማለት ነው። አኳሪየም ውሃ ብቻ፣ ቴራሪየም ደግሞ የብስ ብቻ ሲኖረው፣ ፓሉዳሪየም የወንዝ ዳርን ወይም በደን ውስጥ የሚፈስ ምንጭን ይመስላል፤ ከታች ዓሣ ይዋኛል፣ በመካከል ሸርጣን ወይም እንቁራሪት ይመላለሳል፣ ከላይ ደግሞ ዕፅዋት ግንድና ቋጥኝ ላይ ተጣብቀው ይበቅላሉ። ውበቱም አስቸጋሪነቱም ያለው ውሃውና የብሱ በሚገናኙበት ዳርቻ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ዞረው ዞረው ወደዚያ ዳርቻ የሚመለሱትም ስለዚህ ነው።

እቅዱ ከሳጥኑ ይጀመር ወይስ ከእንስሳቱ?

ከእንስሳቱ ይጀመር። ብዙ ሰው ሳጥኑን አስቀድሞ ያሠራና ምን ላስገባበት ብሎ ያስባል፤ ይሁን እንጂ የውሃው ጥልቀት፣ የበሮቹ አቀማመጥና የአየር ማስገቢያው ስፋት አንዴ ከተወሰኑ በኋላ ሊለወጡ ስለማይችሉ፣ በመጨረሻ እንስሳው ለሳጥኑ ይመረጣል እንጂ ሳጥኑ ለእንስሳው አይሠራም።

የታሰቡትን ዝርያዎች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፎ፣ ለእያንዳንዳቸው የሚስማማቸውን ሙቀት፣ የአየር እርጥበት፣ የውሃ ጥልቀትና ጨዋማነት፣ አድገው የሚደርሱበትን መጠንና የሚበሉትን ምግብ መሙላት ይበቃል። እዚህ ላይ የሚፈለገው የጋራ ልክ እንጂ አማካይ ልክ አይደለም። ለምሳሌ የምሥራቅ እስያዋ ቀይ ሆድ ጉርጥ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቀዝቀዝ ያለ ሙቀት ውስጥ ስትኖር፣ ብዙዎቹ የሞቃት አገር ዓሣዎች ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ሁለቱን በ24 ዲግሪ ላይ አስማማሁ ቢባል እንኳ፣ አንዷ ዕድሜዋን በሙሉ በምትችለው ሙቀት ጣሪያ ላይ፣ ሌላው ደግሞ በወለሉ ላይ ይኖራሉ፤ እንዲህ ያለው ኑሮ በአንድ ቀን አይገድልም፣ ቀስ በቀስ ግን ያመነምናል።

ትልቅ የሚባለው ምን ያህል ነው? ወለሉስ ክብደቱን ይችላል?

ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን እንውሰድ። አጠቃላይ ይዘቱ 1,080 ሊትር ስለሆነ በጣም ሰፊ ይመስላል። ነገር ግን ከወለሉ ግማሹ ለየብስ ተሰጥቶ፣ በቀረው ግማሽ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ቢሞላ የሚገኘው 112 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ድንጋይና ግንድ ሲገባበት ደግሞ ከመቶ በታች ይወርዳል። ለዓይን ግዙፍ የሆነው ሳጥን ለዓሣዎቹ አንድ መካከለኛ አኳሪየም ብቻ ነው ማለት ነው። የዓሣው ቁጥር የሚሰላው በዚያ በትንሹ ቁጥር እንጂ በሳጥኑ ግዝፈት አይደለም፤ ይህን ስሌት ሳይሠሩ የጀመሩ ሰዎች ናቸው በኋላ በውሃ ብክለት የሚሰቃዩት።

ወደ ክብደቱ ስንመጣ፣ መስታወቱ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው በአንድ ካሬ ሜትር 25 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ሳጥኑ ባዶውን 150 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ውሃው በሊትር አንድ ኪሎ ግራም ነው። ድንጋይ፣ ግንድና እርጥብ አፈር ሲጨመርበት ጠቅላላው በቀላሉ ከ450 ኪሎ ግራም በላይ ይደርሳል፤ ይህ ሁሉ የሚያርፈው ደግሞ አንድ ካሬ ሜትር በማይሞላ ስፍራ ላይ ነው። በብዙ አገሮች የመኖሪያ ቤት ወለል የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ገደማ ተከፋፍሎ የሚያርፍ ጭነት ታስቦ ስለሆነ፣ ከምድር ቤት በላይ ለማስቀመጥ የሚያስብ ሰው የሕንፃ መሐንዲስ ቢያማክር እመክራለሁ። የመስታወቱን ውፍረት የሚወስነው የውሃው ጥልቀት እንጂ የሳጥኑ ቁመት አለመሆኑንም ማወቅ ጥሩ ነው፤ ግፊቱ የሚጨምረው በጥልቀት ልክ ነውና። የፊት በሮች መጀመር ያለባቸው ከውሃው ወለል ቢያንስ አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ነው።

የብሱና የውሃው ድርሻ እንዴት ይከፈል?

ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሳጥኑን በመስታወት ግድግዳ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን በአፈር፣ ሌላውን በውሃ መሙላት ነው። ለመሥራት ይቀላል፤ ሆኖም ከላይ እንዳየነው ውሃውን በግማሽ ይቀንሰዋል፣ አፈሩም ከባድ ጭነት ይሆናል። ሁለተኛው የብሱን እንደ ድልድይ በእግር ላይ አቁሞ ውሃው ከሥሩ እንዲያልፍ ማድረግ ነው፤ በዚህ መንገድ በዚያው ሳጥን ውስጥ የውሃው መጠን ወደ 225 ሊትር ይጠጋል፣ ዓሣዎቹም ጥላና መሸሸጊያ ያገኛሉ። እኔ ለትልቅ ሳጥን ሁልጊዜ የምመርጠው ይህንን ሁለተኛውን ነው። ጉድለቱ ከድልድዩ ሥር የሚጠራቀመው ዝቃጭና እዚያ ገብቶ የሚሞት እንስሳ በቀላሉ አለመታየቱ ስለሆነ፣ እጅና የመምጠጫ ቱቦ የሚገባበት ክፍተት ገና ከንድፉ መታሰብ አለበት።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን ዳርቻው ቀጥ ያለ ግድግዳ መሆን የለበትም። እንቁራሪትም ሆነ ሸርጣን ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ጠርዙን ተከትሎ ይዋኛል፤ ለስላሳ መስታወት ብቻ ካጋጠመው ደክሞ ይሰምጣል። ስለዚህ ቢያንስ በሦስትና በአራት ቦታ ሻካራ ግንድ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የቡሽ ቅርፊት ከውሃው ሥር ተነሥቶ በዝግታ ወደ የብሱ እንዲወጣ ይደረግ። መውጫው ለኛ ስለታየን ብቻ ለእንስሳው ይታየዋል ማለት አይደለም፤ ከውሃው ወለል ጋር እኩል ሆኖ ዓይንን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ መመልከት ይጠቅማል።

የብሱ ለምን ቀስ በቀስ ረግረግ ይሆናል?

ውሃ በደቃቅ ቀዳዳዎች ውስጥ ራሱን ወደ ላይ ስለሚስብ ነው። አፈር፣ የኮኮናት ጭረትና ሞስ የሚባለው በእርጥብ ስፍራ እንደ ምንጣፍ የሚበቅል ጥቃቅን ተክል ውሃውን ከነኩ እንደ ላምባ ክር ይመጡታል፤ ከሳምንታት በኋላ አፈሩ ይጨቀያል፣ የዕፅዋቱ ሥር አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታም ይመጣል። ይህን ለመከላከል የብሱ ከሥር ባዶ ወይም በተጠበሰ የሸክላ እንክብል የተሞላ ንጣፍ፣ ከዚያ በላይ ወንፊት፣ ከወንፊቱ በላይ አፈር እንዲኖረው ይደረጋል። በእንክብሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ውሃው ሊወጣበት አይችልም። አፈሩ ከውሃው ወለል ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

በአንድ ወቅት በራሴ ሳጥን ውስጥ ውሃው በየቀኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጎድል ጀመር። ፓምፑን፣ ቱቦውንና የሲሊኮኑን ስፌት አንድ በአንድ መረመርሁ፤ ምንም አልነበረም። በመጨረሻ የእጅ ባትሪ ይዤ ከበሩ ሥር ስመለከት፣ ከግንዱ ላይ የወረደ ጣት የማይሞላ የሞስ ዘለላ የበሩን ሐዲድ ተሻግሮ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል፤ በጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ቀስ ብላ ትሞላለች፣ ትወድቃለች፣ ሌላዋ ትተካለች። በመቀስ ስቆርጠው ጉድለቱ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ሞስና ተንጠልጣይ ሥር በየሁለት ሳምንቱ ከጠርዝ ላይ እከረክማለሁ።

የትኞቹ እንስሳት አብረው ሊኖሩ ይችላሉ?

መነሻው ደንብ ሁለት ነው፦ አንዱ በሌላው አፍ ውስጥ የሚገባ መጠን ሊኖረው አይገባም፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ዝርያ የሳጥኑን የተለየ ክፍል መያዝ አለበት። ሰፊ ሳጥን ሁለት ተፎካካሪዎችን ያስማማል የሚለው እምነት ስሕተት ነው፤ በተፈጥሮ የተሸነፈው ሸሽቶ ይሄዳል፣ በመስታወት ውስጥ ግን የሚሄድበት የለም።

ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ብንነሣ፣ በየብሱ ላይ ቫምፓየር ሸርጣን የሚባሉትን የጃቫ ደሴት ትናንሽ ሸርጣኖች፣ በውሃው ውስጥ ደግሞ ራስቦራ የሚባሉ ትናንሽ ዓሣዎችን መንጋ ማኖር ይቻላል። ከእነዚህ ሸርጣኖች በስፋት የሚታወቁት ሁለት ዝርያዎች ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ጀርባቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜያቸውን ከውሃ ውጭ የሚያሳልፉና ጨው የማያስፈልጋቸው ስለሆኑ ለፓሉዳሪየም የተፈጠሩ ያህል ይስማማሉ። እናቲቱ እንቁላሎቹን በሆዷ ሥር ይዛ ትቆይና በመልክ ትልልቆቹን የመሰሉ ግልገሎች ትፈለፍላለች፤ ስለዚህ ባሕር ሳያስፈልግ በሳጥኑ ውስጥ መራባት ይችላሉ። ጥልቀት በሌለው ጥግ ላይ የተኛ ዓሣ ሊይዙ ስለሚችሉ ግን፣ ዓሣዎቹ ፈጣን፣ ውሃውም ቢያንስ ሃያ ሴንቲ ሜትር ጥልቅ ይሁን።

ከደቡብ አሜሪካ የምመርጠው ስፕላሽ ቴትራ የተባለውን ዓሣ ነው፤ ከእርሱ የበለጠ የዳርቻን ትርጉም የሚያሳይ እንስሳ አላውቅም። ወንዱና ሴቷ ጎን ለጎን ሆነው ከውሃው ይዘሉና ከላይ በተዘረጋ ቅጠል ሥር ለቅጽበት ተጣብቀው ጥቂት እንቁላል ጥለው ይመለሳሉ፤ ይህንንም ደጋግመው ያደርጉታል። ከዚያም ወንዱ እንቁላሎቹ እስኪፈለፈሉ ድረስ ሁለትና ሦስት ቀን ከቅጠሉ ሥር እየተመላለሰ በጅራቱ ውሃ ይረጫቸዋል። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው በውሃው ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ ሰፊ ቅጠልና ከላይ በደንብ የተከደነ ሳጥን ብቻ ነው።

ከላይ ባለው ክፍል ጌኮ የሚባሉ ትናንሽ እንሽላሊቶች፣ ከታች ደግሞ ቀንድ አውጣና ቼሪ ሽሪምፕ ሊጨመሩ ይችላሉ። ሽሪምፑ የዓሣና የሸርጣን ምግብ የመሆን ዕድሉ ሰፊ መሆኑን አስቀድሞ መቀበል ያስፈልጋል።

በፍጹም መቀላቀል የሌለባቸውስ?

የውሃ ኤሊ ዓሣውንም ዕፅዋቱንም ስለሚበላና ውሃውን በፍጥነት ስለሚያቆሽሽ ለብቻው ይኑር። ቀይ ሆድ ጉርጥና ኒውት ከሚባሉት ጅራት ካላቸው የእንቁራሪት ዘመዶች ብዙዎቹ ከቆዳቸው መርዝ ስለሚያመነጩ፣ በተለይ በትንሽ ውሃ ውስጥ፣ ለሌሎች አደገኛ ናቸው። ዳርት እንቁራሪቶች በአንጻሩ በምርኮ ሲያድጉ መርዛማነታቸውን የሚያጡ ቢሆኑም ደካማ ዋናተኞች ስለሆኑ ጥልቅ ውሃ ያለው ሳጥን አይመቻቸውም። ሸርጣንና እንቁራሪትን ማቀላቀል ደጋግሞ የሚጠየቅ ነው፤ የእኔ መልስ አይሆንም ነው፤ እንቁራሪቷ በእንቅልፍ ላይ እያለች አንድ ቁንጥጫ ቆዳዋን ለመቅደድ ይበቃልና።

ፊድለር ሸርጣንና መድስኪፐር የሚባለው በጭቃ ላይ የሚዘል ዓሣ ብዙ ጊዜ የጨው አልባ ውሃ እንስሳት ተብለው ይሸጣሉ። ሁለቱም ግን ባሕርና ወንዝ የሚቀላቀሉበት መጠነኛ ጨው ያለው ውሃ ነዋሪዎች ናቸው። እንቁራሪት ይህን ጨው አትችልም፤ ከዕፅዋቱም ብዙዎቹ አይችሉትም።

ከተለያዩ አህጉራት የመጡ ዝርያዎችን ማኖር ችግር አለው?

አለው፤ ትልቁም ምክንያት በሽታ ነው። አንዱ ዝርያ ሳይታመም ተሸክሞ የሚዞረው ተሕዋስ ከሌላ አህጉር ለመጣው ጎረቤቱ ገዳይ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው የካይትሪድ ፈንገስ የእንቁራሪቶችን ቆዳ እያጠቃ በዓለም ዙሪያ ብዙ ዝርያዎችን አመናምኗል፤ ራናቫይረስ የሚባሉት ደግሞ ከዓሣ፣ ከእንቁራሪትና ከእንሽላሊት ወገን ያሉትን ሁሉ ሊይዙ የሚችሉ በመሆናቸው ለተቀላቀለ ሳጥን ይበልጥ ያሰጋሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ እንስሳ ቢያንስ ለሠላሳ ቀን፣ እንቁራሪት ከሆነ ለስልሳ ቀን፣ በተለየ ዕቃና በተለየ መሣሪያ ተለይቶ ይቆይ። የሳጥኑ ውሃም ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ አይደፋ።

ውሃው መቼ ለእንስሳት ዝግጁ ይሆናል?

ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ከዓሣ እዳሪና ከተረፈ ምግብ የሚወጣውን አሞኒያ አንደኛው የባክቴሪያ ወገን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጥቂቱም ቢሆን መርዝ ሲሆኑ ሦስተኛው ያን ያህል አይጎዳም። ባክቴሪያዎቹ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ እስኪራቡ ድረስ ፓምፑ እየሠራ፣ ጥቂት የአሞኒያ ምንጭ እየተጨመረ፣ እንስሳ ሳይገባ መቆየት አለበት። በመለኪያ ሲታይ አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ፣ ናይትሬቱ ግን ከፍ ያለ ከሆነ ዝግጁ ነው። በፓሉዳሪየም ውስጥ ከየብሱ የሚታጠበው እዳሪም እዚያው ውሃ ውስጥ ስለሚገባ፣ ማጣሪያው ለውሃው መጠን ከሚመከረው ከፍ ያለ አቅም ይኑረው። ፏፏቴ ካለ ደግሞ ፓምፑ ውሃውን ይበልጥ ከፍ አድርጎ ባወጣ ቁጥር ፍሰቱ እንደሚቀንስ አስቦ መግዛት ነው።

በየሳምንቱ ከውሃው ከአምስት አንዱን ያህል መቀየር ተገቢ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ በማስወገጃ መድኃኒት ይጽዳ፤ ክሎራሚን የተጨመረበት ውሃ ሌሊቱን ክፍት ቢያድርም አይጠራም። በትነት የጎደለው ግን ማዕድን በሌለው ውሃ ይተካ፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ሆኖ ማዕድኑ እዚያው ስለሚቀር፣ በቧንቧ ውሃ ብቻ እየተሞላ የሚኖር ሳጥን ውሃው ከወር ወር ማዕድን እየበዛበት ይሄዳል።

ብርሃን፣ እርጥበትና አየር እንዴት ይመጣጠኑ?

ለዕፅዋቱ በቀን ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚበራ ኤልኢዲ ይበቃል። ፀሐይ የሚሞቁ እንሽላሊቶች ካሉ ዩቪቢ የሚባለውን የፀሐይ ጨረር ዓይነት የሚሰጥ መብራት ያስፈልጋል፤ ተራ መስታወት ይህን ጨረር ስለሚያግድ መብራቱ በወንፊት ክዳን ላይ እንጂ በመስታወት ላይ አይቀመጥ።

እ.ኤ.አ. በ1829 የለንደኑ ሐኪም ናትናኤል ዋርድ በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ፈርን ያለ እንክብካቤ መብቀሉን አስተውሎ ነበር፤ እርጥበቱ እየተነነ መልሶ ይወርድ ነበርና። ለዕፅዋት የተስማማው ይህ ዝግ ኑሮ ግን ለእንስሳት አይስማማም። አየር ካልተንቀሳቀሰ ሻጋታ ይነግሣል፣ መስታወቱም ቀኑን ሙሉ በጉም ይሸፈናል። ከፊት በታች በኩል ጠባብ፣ ከላይ በኩል ሰፋ ያለ የወንፊት ማስተላለፊያ ቢኖር ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ንጹሑን አየር ከታች ይስባል። ወንፊቱ ከማይዝግ ብረት ይሁን፤ መዳብ ለሽሪምፕና ለሸርጣን መርዝ ነው።

የትኞቹን ዕፅዋት ልትከል?

ከውሃው ሥር አኑቢያስና የጃቫ ፈርን፣ በዳርቻው የጃቫ ሞስ፣ ከላይ ብሮሚሊያድና ወጪ ሐረግ ይስማማሉ። ፖቶስ የሚባለው ሐረግ ሥሩን በውሃው ውስጥ ሰድዶ ናይትሬቱን ስለሚመጥ ከጌጥነቱ ባሻገር ያጣራል። በመድኃኒት የተረጨ ተክል ሸርጣኖችን ሊጨርስ ስለሚችል፣ ከታጠበ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ለብቻው ይቆይ።

ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማምለጥ ምን ልጠንቀቅ?

እያንዳንዱ ገመድ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ በኋላ ወደ ላይ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ ከሶኬቱ ሳይደርስ ከታች ይንጠባጠባል። መሥመሩም የ30 ሚሊ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲያይ ኃይል የሚያቋርጥ መከላከያ ይኑረው። እነዚያው ገመዶችና ቱቦዎች የሸርጣን መሰላል ናቸው፤ የሚያልፉበት ቀዳዳ በስፖንጅ ካልተደፈነ ሸርጣኑ በመጀመሪያው ሌሊት ያገኘዋል፣ ከእርጥበት ውጭም ስንጥቡ ደርቆ ይሞታል።

እንስሳቱ በምን ቅደም ተከተል ይግቡ?

በመጀመሪያ ዕፅዋቱ ይተከሉና ሥር እስኪሰዱ ድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይጠበቁ፤ በዚሁ ጊዜ ስፕሪንግቴይልና አይሶፖድ የሚባሉት ብስባሽ የሚበሉ ጥቃቅን ፍጥረታት በአፈሩ ውስጥ ይራባሉ። ከዚያ ዓሣዎቹ፣ ቀጥሎ የየብሱ ነዋሪዎች ይገባሉ፤ በየመካከሉም ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይለፍ። ክልሉን የሚያስከብር ጠበኛ ዝርያ ካለ የመጨረሻው ይሁን፤ ቀድሞ ከገባ ሳጥኑን በሙሉ የራሱ ያደርገዋል።

አብሮ መኖሩ ባይሳካስ?

ይህ ጥያቄ መልስ ማግኘት ያለበት የመጀመሪያው እንስሳ ሳይገዛ ነው። የሚከሳ፣ ምግብ ሲቀርብ ከመደበቂያው የማይወጣ፣ ክንፉ የተቀደደ ወይም ጣቱ የጎደለ እንስሳ ሲታይ በዚያው ቀን መለየት ይገባል፤ ይለምዱት ይሆናል ብሎ መጠበቅ ብዙ ሕይወት አጥፍቷል። ለዚህም ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ሳጥን ይዘጋጅ። የዚያ ሳጥን ማጣሪያ ስፖንጅ ደርቆ መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጥ በዋናው ውሃ ውስጥ፣ ከድልድዩ ሥር፣ ተነክሮ ይቆይ፤ ባክቴሪያዎቹ በላዩ ላይ ስለሚኖሩ፣ በሚያስፈልግበት ሌሊት አውጥቶ ወደ ትርፉ ሳጥን ማዛወር ብቻ ይበቃል።